ከቁም ሳጥን የወጣ የሲኒማ ማስታወሻ እንዴት ይያዛል?

ለዘመን መለወጫ ቤት ሲጸዳ ወይም ቤተሰብ ቤት ሲለቅ፣ ከቁም ሳጥን አናት ላይ የሚወርደው አሮጌ ሻንጣ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ የረሳውን የሲኒማ ዕቃ ይዞ ይገኛል፦ የታጠፈ የፊልም ፖስተር፣ በር ላይ ተቀዶ የተመለሰ የትኬት ቁራጭ፣ የተዋናዮች ፎቶግራፍ፣ የቪዲዮ ካሴት፣ ቪሲዲ፣ አልፎ አልፎም በቆርቆሮ ጣሳ የተቀመጠ የፊልም ጥቅል። እነዚህ ዕቃዎች ሠላሳና አርባ ዓመት በጨለማ ተቀምጠው እምብዛም ሳይጎዱ ሊቆዩ ይችላሉ። ጉዳት የሚደርስባቸው አብዛኛውን ጊዜ በተገኙበት የመጀመሪያ ሰዓት ነው፤ ፖስተሩ በኃይል ሲዘረጋ፣ ፎቶግራፉ በእርጥብ ጨርቅ ሲወለወል፣ ካሴቱ ምን እንደያዘ ለማየት በችኮላ ዴክ ውስጥ ሲገባ። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚቀርበው ምክር በአመዛኙ ስለ መታገስ ነው።

ከማጽዳት በፊት መመዝገብ

የመጀመሪያው ሥራ ማጽዳት ሳይሆን ያለውን እንዳለ መመዝገብ ነው። ሻንጣው እንደተከፈተ፣ ከውስጡ ምንም ነገር ሳይነሣ፣ በስልክዎ ከላይ ፎቶግራፍ ያንሱት፤ የላይኛውን ድርብ ባነሡ ቁጥርም ከሥሩ ያለውን እንደገና ያንሱ። ይህ ከንቱ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የትኬት ቁራጭ ብቻውን ሲገኝ የሚናገረው ጥቂት ሲሆን፣ ከአንድ ደብዳቤ ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ ሲገኝ ግን ማን ከማን ጋር፣ መቼ ወደ ሲኒማ እንደገባ ሊያስረዳ ይችላል። ዕቃዎቹ በየዓይነታቸው ከተከፋፈሉ በኋላ ይህን ዝምድና መልሶ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ አብረው የተገኙትን አብረው ያቆዩ፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር ይስጡ፤ ቁጥሩንም በዕቃው ላይ ሳይሆን በማስቀመጫው ፖስታ ላይ ይጻፉ። በወረቀቱ ላይ መጻፍ ግድ ከሆነ በጀርባው፣ በአንድ ጥግ፣ በለስላሳ እርሳስ ብቻ ይሁን። እስክሪብቶ ከጊዜ ብዛት ወደ ፊተኛው ገጽ ዘልቆ ይወጣል።

የሥራ ቦታው ንጹሕ አንሶላ የተነጠፈበት ሰፊ ጠረጴዛ ቢሆን ይበቃል። ቡናና ሻይ፣ ዕጣንና ሲጋራ ከአካባቢው ይራቁ። እጅ በሳሙና ታጥቦ በደንብ መድረቅ አለበት፤ ቅባት የነካው ጣት በፎቶግራፍና በፊልም ላይ የሚተወው አሻራ ከዓመታት በኋላ እንደ እድፍ ጎልቶ ይታያል። ለወረቀት ንጹሕ እጅ ከጓንት ይሻላል፤ ጓንት የለበሰ ጣት የወረቀቱን ስስ ጠርዝ በሚገባ ስለማይለይ ሳያውቅ ሊቀደው ይችላል። ለፎቶግራፍ፣ ለነጋቲቭና ለፊልም ግን ጓንት ያስፈልጋል፤ ከሌለም ጠርዝና ጠርዙን ብቻ መያዝ ነው።

ስለ ወቅቱም አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። አብዛኞቻችን ቤት የምናጸዳው በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን ነው፤ በዚያ ወቅት ደግሞ ወረቀቱም ካሴቱም የክረምቱን እርጥበት ጠጥተዋል። ሻንጣውን ማውረዱና መመዝገቡ ምንም አይከለክልም፤ ዕቃውን በፌስታል ጠቅልሎ፣ አሽጎ መመለስ ግን ሻጋታን ቤት ሠርቶ እንደ መስጠት ነው። አየር በሚያገኝ ክፍል ውስጥ፣ ከግድግዳና ከወለል ራቅ አድርገው፣ በስሱ ተሸፍኖ እስከ ጥቅምት ይቆይና የመጨረሻው ማሸግ ያን ጊዜ ይፈጸም። ልብስና ፍራሽ እንደሚሰጣ ሁሉ ፖስተርና ካሴት ፀሐይ ላይ የማስጣት ልማድም አለ። ይህ በፍጹም መደረግ የለበትም፤ የፀሐይ ብርሃን የቀለምን ሕይወት በሰዓታት ውስጥ ይበላል፣ ሙቀቱም ካሴቱን ያጣምማል።

ፖስተርና ሌላ ወረቀት

የቆየ ፖስተር ብዙ ጊዜ ታጥፎ ነው የሚገኘው። በአሜሪካ ለሲኒማ ቤቶች ይላክ የነበረው መደበኛ ፖስተር፣ 69 በ104 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነው፣ እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በአብዛኛው ታጥፎ ይላክ ስለነበር የማጠፊያው መስመር የጉድለት ምልክት አይደለም፤ እንዲያውም ፖስተሩ የዘመኑ መሆኑን ከሚጠቁሙት ነገሮች አንዱ ነው። ሲዘረጋ በመጀመሪያ አንዱ እጥፋት ብቻ ይከፈታል፤ ወረቀቱ ከተቃወመ ወይም የመሰንጠቅ ድምፅ ካሰማ ባለበት ይቆማል። በግማሽ እንደተከፈተ በክፍሉ አየር ውስጥ አንድ ቀን ቢያድር ወረቀቱ ትንሽ እርጥበት ያገኝና ይለሰልሳል፤ በማግሥቱ ቀጣዩ እጥፋት ይከፈታል። ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ከላይና ከታች ንጹሕ ነጭ ወረቀት ተደርጎበት፣ ሰፊ ካርቶንና ጥቂት መጻሕፍት ተጭነውበት ለሳምንታት ይተው። ለማስተካከል ተብሎ በካውያ መተኮስ ግን የድሮውን ቀለም ሊያቀልጥና ወረቀቱን ሊያደርቅ ይችላል።

ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምቃወመው ላሚኔት ማስደረግን ነው። ዲፕሎማና የልደት ካርድ ላሚኔት ማስደረግ የተለመደ ስለሆነ ፖስተርና የቆየ ፎቶግራፍም እንዲሁ ይጠበቃል ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፤ በሙቀት የተጣበቀው ፕላስቲክ ያለ ጉዳት ሊላቀቅ አይችልም፣ በወረቀቱ ውስጥ ያለው አሲድም እዚያው ታፍኖ ሥራውን ይቀጥላል። የተቀደደ ቦታን በፕላስተር ማያያዝም ከዚሁ ይቆጠራል፤ ማጣበቂያው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ወደ ወረቀቱ ይገባል። የተቀደደው እንደተቀደደ፣ ቁራጮቹ ሳይጠፉ በአንድ ፎልደር ቢቀመጥ ወደፊት የሚጠግነው ባለሙያ ያመሰግናል። የዛገ አግራፍና ስፒል ግን ወረቀቱን ሳይጎትቱ በጥንቃቄ ቢወጣ ይሻላል፤ የደረቀ ላስቲክም እንዲሁ።

ፖስተሩ የዘመኑ ነው ወይስ በኋላ የታተመ ቅጂ የሚለውን ለመለየት ማጉያ መነጽር በጣም ይረዳል። በመጀመሪያው ኅትመት ላይ ሥዕሉ በጥቃቅን ነጥቦች ቢታተምም ፊደላቱ ብዙ ጊዜ ጠርዛቸው የጠራና ቀለማቸው ሙሉ ነው። ከሌላ ፖስተር ተነሥቶ በተባዛ ቅጂ ላይ ግን ፊደላቱ ጭምር በነጥብ የተሠሩና ጠርዛቸው የደበዘዘ ሆኖ ይታያል። መጠኑን በሜትር መለካትም አይርሳ፤ ቅጂዎች ብዙ ጊዜ ከመደበኛው ልክ ያነሱ ናቸው።

ዘመኑን ማወቅ

በአገር ውስጥ የታተሙ የሲኒማ ማስታወቂያዎችና ትኬቶች ቀንና ወር ጽፈው ዓመተ ምሕረቱን የሚተዉበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ለዚያ ሳምንት ብቻ የታሰቡ ነበሩና። የሳምንቱ ዕለት ከተጻፈ ግን ባሕረ ሐሳብ ወይም የቆየ የቀን መቁጠሪያ መንገዱን ይከፍታል። አንድ ቀን ከዓመት ወደ ዓመት በአንድ ዕለት ይራመዳል፣ ጳጉሜን ስድስት ከምትሆንበት ከዘመነ ሉቃስ በኋላ ደግሞ በሁለት ዕለት ይራመዳል። ለምሳሌ «ቅዳሜ ጥር 12» የሚል ማስታወቂያ ቢገኝ ይህ ዕለትና ቀን የተገናኙት በ1954፣ በ1965፣ በ1971 እና በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ከ1955 እስከ 1964 ባሉት ዓመታት በአንዱም አልተገናኙም። ስለዚህ ፍለጋው ከብዙ ዓመታት ወደ ጥቂቶች ይጠባል ማለት ነው። የቀረውን ሌላ ምልክት ይወስነዋል። የቴአትር ቤቱ ስም አንዱ ምልክት ነው፦ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ቤት ከአብዮቱ በፊት የሚጠራው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ነበርና፣ ያ ስም የታተመበት ወረቀት ከሁለቱ ዘመናት የትኛው ውስጥ እንደሚወድቅ ያለ ጥርጥር ያሳያል።

ለቅርቡ ዘመን ደግሞ የስልክ ቁጥር ጥሩ ምስክር ነው። የአገሪቱ የስልክ ቁጥር አሰጣጥ የተለወጠው በመስከረም 1998 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በቪሲዲ ሽፋን ወይም በፖስተር ግርጌ ላይ የአዲስ አበባ ስልክ በስድስት አኃዝ ብቻ ከተጻፈ ወረቀቱ ከዚያ በፊት የታተመ ሊሆን ይችላል ብሎ መገመት ይቻላል። የውጭ አገር ፊልም ወረቀት ላይ ያለው ቀን ግን የአውሮፓውያን ሊሆን ስለሚችል፣ ሰባትና ስምንት ዓመት ከመቀነስ ወይም ከመጨመር በፊት የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ያረጋግጡ።

የፊልም ጥቅል

ጥቅል ፊልም ሲገኝ የመጀመሪያው መሣሪያ ማስመሪያ ነው። ስፋቱ 8 ሚሊሜትር ከሆነ የቤተሰብ ፊልም የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ 16 ሚሊሜትር ለትምህርት፣ ለዜናና ለዘጋቢ ፊልም ያገለግል የነበረ ሲሆን 35 ሚሊሜትር የሲኒማ ቤት ነው። ሱፐር 8 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው ዓይነት፣ ስፋቱ ከተራው 8 ሚሊሜትር ጋር አንድ ሆኖ በጠርዙ ያሉት ቀዳዳዎች ያነሱ ናቸው። ይህን ሳይለዩ በተሳሳተ ማሳያ ላይ ማስኬድ ቀዳዳዎቹን ይገነጥላል።

ቀጥሎ የሚመረምረው አፍንጫ ነው። ጣሳው ሲከፈት የአቼቶ ሽታ ከሸተተ አሲቴት የሚባለው የፊልሙ ፕላስቲክ መደብ መበስበስ ጀምሯል፤ መበስበሱ የሚያወጣው አሲድ ራሱን መልሶ ያፋጥናል፣ በአቅራቢያው ወዳለ ጤነኛ ጥቅልም ይዛመታል። እንዲህ ያለውን ጥቅል ለይተው፣ ቀዝቃዛና ደረቅ በሆነ ቦታ፣ አየር በሚያገኝ ማስቀመጫ ያስቀምጡና ወደ ዲጂታል ለማስቀየር ከሌሎቹ ያስቀድሙት። ወደ ቀይ ወይም ሮዝ የተለወጠ ባለ ቀለም ፊልም ግን ሌሎቹ ቀለማት ስለደበዘዙ እንጂ በአሲድ ስለታመመ አይደለም፤ በዲጂታል ቅጂ ላይ በከፊል ሊታረም ይችላል።

አንድ አደጋ በግልጽ መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተመረተ 35 ሚሊሜትር ፊልም ናይትሬት በሚባለው የቀድሞ መደብ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ናይትሬት በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ አንዴ ከተቀጣጠለም ኦክስጅኑን ከራሱ ስለሚያወጣ በውኃም በአሸዋም ማፈን አይቻልም። በጠርዙ ላይ በእንግሊዝኛ «ሴፍቲ» የሚል ጽሑፍ ካለ ፊልሙ ደኅንነቱ የተጠበቀ ዓይነት የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው፤ ጽሑፉ ከሌለ፣ ፊልሙ ከተጣበቀ ወይም ቡናማ ዱቄት ካወጣ፣ ከእሳትና ከሙቀት አርቀው ከመኖሪያ ክፍል ውጭ ያድርጉትና ባለሙያ ያማክሩ። ለሙከራ ብሎ ቁራጩን በክብሪት መለኮስ፣ አንዳንዶች የሚመክሩት ቢሆንም፣ ሰው የሚጎዳ ድርጊት ነው። 8 እና 16 ሚሊሜትር ፊልሞች ከመጀመሪያው ጀምሮ በቀላሉ የማይቀጣጠል መደብ ላይ ስለተሠሩ ይህ ሥጋት በአብዛኛው አይመለከታቸውም።

ካሴትና ዲስክ

የቪዲዮ ካሴት ሲገኝ ዴክ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በመስኮቱ በኩል በባትሪ ብርሃን ይመርመር። በጥቅሉ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት ወይም ድር የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ እንዲህ ያለ ካሴት ቢጫወት ራሱ ይቀደዳል፣ ማጫወቻውንም ያቆሽሻል፣ በዚያው ማጫወቻ ቀጥሎ ወደሚገባው ካሴትም ሻጋታውን ያሸጋግራል። ጤነኛ ከሆነ በመጀመሪያ በካሴቱ ጀርባ ያለችው የመቅጃ መከላከያ ትንሽ ፕላስቲክ ትሰበር፤ ካልተሰበረች አንድ የተሳሳተ ቁልፍ መጫን ብቻ የቆየውን ሊያጠፋው ይችላል። ቀጥሎ ሳይጫወት እስከ መጨረሻው ይጠቅለልና ይመለስ፤ ለዓመታት በአንድ ቦታ ተጣብቆ የቆየው ክር በዚህ ይፈታል። በመጨረሻም ሲጫወት በአንድ ጊዜ ይቀዳ። «መጀመሪያ ልየው፣ ከዚያ እቀዳዋለሁ» የሚለው ሐሳብ ብዙ ካሴት አሳጥቷል፤ የመጀመሪያው ማጫወት የመጨረሻው ሊሆን ይችላልና።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ካሴት በአገር ቤት ዴክ ላይ ቀለም አጥቶ ወይም ምስሉ እየተንከባለለ ቢታይ ተበላሽቷል ተብሎ እንዳይጣል። ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት የቴሌቪዥን ሥርዓት ፓል ሲሆን የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ስለሆነ ሁለቱንም የሚያነብ ማጫወቻ ያስፈልጋል። በካሴቱ ላይ ያለው «ቲ-120» ወይም «ኢ-180» የሚለው ምልክት ባዶው ካሴት ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ ይጠቁማል፤ ይሁንና ምን እንደተቀዳበት አያረጋግጥም። በጀርባው የተለጠፈው ጽሑፍም እንዲሁ አይታመንም፤ በአንድ ካሴት ላይ ደጋግሞ መቅዳት የተለመደ ስለነበር፣ ከሠርጉ ወይም ከድራማው በኋላ ባለው ትራፊ ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ የፊልም ማስታወቂያ ወይም ቃለ መጠይቅ ተርፎ ሊሆን ይችላል። እስከ መጨረሻው መመልከት ያስፈልጋል። ማጫወቻዎችን ሲያመርት የቆየው የመጨረሻው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ምርቱን ስላቆመ፣ የሚሠራ ዴክ ያለው ሰው በእጁ ያለውን ሀብት ይወቅ።

በቪሲዲና በዲቪዲ ላይ የሚደረገው ምርመራ አጭር ነው። ሥሩ ብርማ የሆነው በፋብሪካ የታተመ ሲሆን ወደ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የሚያደላው በኮምፒውተር የተቀዳ ነው፤ የኋለኛው ቀለሙ በጊዜ ስለሚከስም ቅድሚያ ይሰጠው። ሲጸዳ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ ብሎ ይጠረግ እንጂ በክብ አይዙር።

ማስቀመጫና ቅጂ

ፎቶግራፍ በኢንች 600 ነጥብ፣ ነጋቲቭ ደግሞ ቢያንስ 2400 ነጥብ ስካን ቢደረግና ቲፍ በሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት ቢቀመጥ ለወደፊት ማንኛውም ሥራ ይበቃል። ትልቅ ፖስተር በስካነር አይገባምና ከመስኮት በሚመጣ ለስላሳ ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ካሜራው ከወረቀቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ፎቶ ይነሣ፤ ጀርባውም እንዳይረሳ። ቅጂው በሁለት የተለያዩ ማስቀመጫዎች ላይ ይሁን፣ ሦስተኛው ደግሞ ሌላ ከተማ ወይም ውጭ አገር ባለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ።

ዕቃው ራሱ ወደ ቁም ሳጥኑ ሲመለስ በጋዜጣ አይጠቅለል፤ የጋዜጣ አሲድ ወደ ፖስተሩ ይተላለፋል። ከልብስ ጋር የሚቀመጠው ናፍታሊንም ከፊልምና ከካሴት ጋር አይቀመጥ፤ ትነቱ ፕላስቲክን ያለሰልሳል። ካሴት እንደ መጽሐፍ ቆሞ፣ ፖስተር ተጋድሞ፣ ሁሉም ከወለልና ከውጭ ግድግዳ ርቆ፣ ብልና አይጥ በማይደርስበት ቦታ ቢሆን መልካም ነው። የደጋው ቀዝቃዛ አየር ለዚህ የተመቸ ነው፤ በቆላ ከተሞች የሚኖር ሰው ግን ጣራ ሥር ማስቀመጥን ፈጽሞ ይተው።

ባለቤቱን መጠየቅ

ሻንጣው የአባት ወይም የአያት ከሆነና ባለቤቱ በሕይወት ካሉ፣ ከስካነሩ በፊት የሚቀድመው እሳቸውን መጠየቅ ነው፤ ወረቀት ይጠብቃል፣ ሰው ግን አይጠብቅም። «እማማ፣ ይህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ አጭር መልስ ብቻ ያመጣል። ትኬቱን እጃቸው ላይ አስቀምጠው «ያን ቀን ከማን ጋር ሄዱ? መግቢያው ስንት ነበር? ወለል ላይ ተቀመጡ ወይስ ባልኮኒ? ሲወጡ የት ሻይ ጠጣችሁ?» ብለው ቢጠይቁ ትዝታው በቅደም ተከተል ይመጣል። ከፈቀዱ በስልክ ይቅዱ፤ በቅጂው መጀመሪያ ላይ ቀኑንና የዕቃውን ቁጥር በድምፅዎ ይናገሩ።

ምን ይቀመጥ፣ ለማን ይሰጥ?

ገዢ ፍለጋ የሚቸኩል ሰው ብዙውን ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው በታዋቂ የውጭ ፊልም ፖስተር ላይ ነው። የእኔ ግምገማ ግን የተለየ ነው። የሆሊውዱ ወይም የሕንዱ ፖስተር ሌላ ቅጂ በዓለም ላይ በብዙ ሰብሳቢዎች እጅ አለ፤ በአማርኛ የታተመው ስስ የማስታወቂያ ወረቀት፣ ለአንድ ምረቃ የተበተነው የመግቢያ ካርድ፣ በፊልም ቀረጻ ቦታ የተነሣው የሥራ ፎቶግራፍ ግን ከዚያ ሻንጣ ውጭ የትም ላይኖር ይችላል። በደርግ ዘመን የነበረው የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን ከፈረሰ በኋላ፣ የአገራችንን ፊልም ታሪክ የሚያጠና ሰው ከመንግሥት መዝገብ ይልቅ በግለሰቦች ሻንጣ ላይ ብዙ መመርኮዝ ግድ ሆኖበታል። ስለዚህ መጣል ካለበት የመጨረሻው የሚጣለው ይህ ይሁን።

ቤተሰቡ ሊያቆየው ካልቻለ በተለምዶ ወመዘክር የምንለው ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ወይም ስድስት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሊጠየቅ ይችላል። ዕቃውን ተሸክሞ ከመሄድ በፊት ዝርዝሩን በፎቶግራፍ አስደግፎ ማቅረብና ሊቀበሉት ይፈልጉ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ከተቀበሉም ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን፤ ደብዳቤው ዕቃው በስጦታ ይሁን በአደራ፣ ለተመራማሪ ክፍት ይሁን ወይም ለተወሰነ ጊዜ ዝግ ይግለጽ።

ካሴቱን ወይም ጥቅሉን በእጅ መያዝ የፊልሙ መብት ባለቤት አያደርግም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ የሥራው አመንጪ ወይም መብቱ የተላለፈለት ሰው ነውና፣ ለቤተሰብ መጠበቂያ ከቀዱት ቅጂ አልፎ ሙሉ ፊልሙን ለሕዝብ መልቀቅ የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። አዘጋጁ ወይም ወራሾቹ የሚታወቁ ከሆነ፣ የእነሱ እጅ ላይ የሌለ ቅጂ አግኝተው ሊሆን ስለሚችል፣ አስቀድመው ቢነግሯቸውና አንድ ቅጂ ቢያቀርቡላቸው ፈቃዱን ለመነጋገርም መንገዱ ይቀላል።